አሜሪካ አዲስ ለገባ ሰው ክሬዲት ከምን ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ። በዲቪ ከገባሁ አምስተኛ ወሬ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ (ሶሻሌ) ደርሷል፣ ዌርሃውስ እሠራለሁ፣ የባንክ አካውንትና ዴቢት ካርድ አለኝ። ባንኬን ክሬዲት ካርድ ብጠይቀው ከለከለኝ። አፓርታማ ልከራይ ስል ደግሞ ኮሳይነር፣ አብሮህ ፈርሞ የሚዋስህ ሰው፣ አምጣ ተባልኩ። አንድ ዘመዴ በካርዴ ላይ ስምህን ላስገባልህ ይለኛል። ሌላው ደግሞ ካርድ ስታገኝ እስከ ጫፍ ተጠቅመህ ቀስ እያልክ ክፈል፣ ክሬዲት የሚያድገው ወለድ ስትከፍል ነው ይላል። መኪና ሻጩ ክሬዲት ባይኖርህም በ24 በመቶ እሰጥሃለሁ ብሎኛል። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ባንኩ የከለከለዎት ክፉ ነገር አይቶብዎት ሳይሆን የሚያየው ነገር አጥቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሰዎችን የብድር አከፋፈል የሚመዘግቡት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኤኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን፣ በስምዎ የያዙት ፋይል ገና የለም። አገር ቤት ከባንክ ተበድረው በጊዜው የመለሱት ገንዘብ ቢኖርም መዝገቡ ወደ እነዚህ ድርጅቶች አይተላለፍም። ዴቢት ካርድ የሚያንቀሳቅሰው የራስዎን ገንዘብ ስለሆነ አይመዘገብም። ዕቁብ ለዓመታት ሳያዛንፉ ቢጥሉም እንዲሁ ነው። የቤት ኪራይ፣ የስልክና የመብራት ክፍያ ለዚሁ በተዘጋጀ አገልግሎት በኩል ካልተላከ በስተቀር በአብዛኛው ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ሳይከፈል ቀርቶ ለዕዳ ሰብሳቢ ከተላለፈ ግን ይገባል።

አብዛኛው አበዳሪ የሚያየው የፋይኮ ስኮር ከዚህ መዝገብ የሚሰላ፣ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ቁጥር ነው። ቁጥሩ እንዲወጣልዎ ቢያንስ አንድ አካውንትዎ ስድስት ወር የሞላው መሆን አለበት፤ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥም ሪፖርት የተደረገ አካውንት መኖር አለበት። ቫንቴጅ ስኮር የሚባለው ሌላው ስሌት ከአንድ ሁለት ወር በኋላም ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። በስልክ መተግበሪያዎች ላይ በነፃ የሚታየው ብዙ ጊዜ እሱ ስለሆነ፣ አበዳሪው የሚነግርዎ ቁጥር ከዚያ ቢለይ አይደንግጡ። በራስዎ ካርድ ከጀመሩ ስድስት ወሩን የሚያሳጥር መንገድ የለም፤ ቶሎ ማስጀመር ግን በእጅዎ ነው። አንድ አነስተኛ ካርድ ከፍተው በየወሩ ሙሉውን ከከፈሉ ዋናው ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ያንን ካርድ እንዴት እንደሚከፍቱትና ሳያበላሹ እንዴት እንደሚይዙት ነው።

በመጀመሪያ ግን ባንኩ ሲከለክልዎ የላከውን ደብዳቤ ፈልገው ያንብቡ። ሕጉ ምክንያቱን እንዲገልጽልዎ ያስገድደዋል። የክሬዲት ሪፖርት አይቶ ከሆነ ከየትኛው ድርጅት እንዳየው ይጻፋል፤ ከዚያ ድርጅት በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርቱን በነፃ የመጠየቅ መብት አለዎት። ምክንያቱ «በቂ የክሬዲት ታሪክ የለም» ከሆነ የጠበቅነው ነው። «ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» የሚል ከሆነ ግን ሌላ ባንክ ሄዶ ማመልከት አይፈታውም። ችግሩ ስምዎ፣ የልደት ቀንዎ ወይም አድራሻዎ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው ይህ ችግር በቀላሉ የሚፈጠር ነው። ፓስፖርታችን ላይ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አለ። እዚህ ፎርሙ የሚጠይቀው ፈርስት ኔምና ላስት ኔም ነው። አንዱ ቦታ የአባት ስም ላስት ኔም ሆኖ ይገባል፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም። ተስፋዬ የሚለውን ስም አንዱ በዋይ ኢ ይጨርሰዋል፣ ሌላው በኢ ብቻ። የልደት ቀኑ ደግሞ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር ቀኑ ወይም ዓመቱ ተሳስቶ በአንዱ ሰነድ ላይ ሌላ፣ በሌላው ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ውጤቱ አንድ ሰው ሁለት ፋይል መያዙ ነው፤ ካርዱ በአንዱ፣ የመኪናው ብድር በሌላው ይመዘገባል፣ ሁለቱም ቀጭን ሆነው ይቀራሉ። ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ በአንድ አድራሻ የሚኖሩ፣ ላስት ኔማቸው አንድ የሆነና ስማቸው የሚቀራረብ ወንድማማቾች መዝገባቸው ይቀላቀላል፤ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይታያል።

መከላከያው ቀላል ነው። በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድዎ ላይ ያለው ስም፣ ፊደሉ ሳይለወጥ፣ በባንክ፣ በመንጃ ፈቃድ፣ በኪራይ ውልና በሥራ ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን። አድራሻዎንም ከአፓርታማ ቁጥሩ ጋር ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ ይስጡ። ሶሻል ካርዱ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ወይም በስም ቦታ ላይ ኤፍኤንዩ («የመጀመሪያ ስም አይታወቅም») ተብሎ የተጻፈ ከሆነ፣ ክሬዲት ካርድ ከመክፈትዎ በፊት ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደው ኤስኤስ-5 በሚባለው ፎርም ያስተካክሉ። ክፍያ የለውም። በኋላ ሦስት ድርጅቶች ዘንድ ከመጻጻፍ ይህ በጣም ይቀላል።

ወደ ካርዱ እንምጣ። ለእርስዎ የሚሆነው ሴኪዩርድ ክሬዲት ካርድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 500 ዶላር ዲፖዚት ያስይዛሉ፣ ያስያዙት መጠን ሊሚትዎ፣ ማለትም በካርዱ መጠቀም የሚችሉት ጣሪያ፣ ይሆናል። ባንኩ መያዣ ስላለው ታሪክ ለሌለው ሰውም ይሰጣል። መጀመሪያ ደመወዝዎ የሚገባበትን ባንክ ወይም በአካባቢዎ ያለ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላቱ የሆነ የቁጠባና ብድር ተቋም) ይጠይቁ፤ ገቢዎን ስለሚያዩ እሺ የማለታቸው ዕድል ይሻላል። ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ዓመታዊ ክፍያ አለው ወይ፣ ለሦስቱም ድርጅቶች በየወሩ ሪፖርት ያደርጋል ወይ፣ ከተወሰነ ወር በኋላ አካውንቱ ሳይዘጋ ወደ መደበኛ ካርድ ተለውጦ ዲፖዚቴ ይመለሳል ወይ። ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ካርድ ስላለ የሚያስከፍለውን ለመውሰድ ምክንያት የለዎትም። ለአንዱ ብቻ ሪፖርት የሚያደርግ ካርድ ከሆነ ደግሞ አበዳሪው ሌላውን ድርጅት ሲጠይቅ አሁንም ባዶ ሆነው ይታያሉ። የማመልከቻው ገቢ የሚለው ቦታ ላይ የሚጻፈው ግብር ከመቆረጡ በፊት ያለው የዓመቱ ነው። ዕድሜዎ 21 ከሞላ ደግሞ የሚጠቀሙበትን የትዳር ጓደኛዎን ገቢ መጨመር ይፈቀዳል፣ ስለዚህ ቤት የዋለች ሚስትም በስሟ ካርድ ማውጣት ትችላለች። እንድትከፍትም እመክራለሁ፤ የባልና የሚስት ክሬዲት ለየብቻ ነው የሚመዘገበው።

ሁለት ስህተቶች በዚህ ካርድ ላይ ይደጋገማሉ። አንደኛው ዲፖዚቱን እንደ ክፍያ መቁጠር ነው። «300 ዶላር አስይዣለሁ፣ ከዚያ ላይ ይቆረጣል» ብሎ የተቀመጠ ሰው በሁለተኛው ወር ዘግይቷል ተብሎ ይመዘገባል። ዲፖዚቱ ባንኩ ዘንድ የተያዘ መያዣ ነው፤ በካርዱ የገዙትን በየወሩ ከሌላ ገንዘብ መክፈል አለብዎት። ሁለተኛው ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የሚገዛውን ፕሪፔይድ ካርድ ሴኪዩርድ ነው ብሎ መያዝ ነው። ፕሪፔይድ ብድር የለውም፣ አይመዘገብም፤ አምስት ዓመት ቢጠቀሙበትም ስኮር አያወጣም።

አሁን ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ካርዱ ሁለት ቀኖች አሉት። አንዱ ስቴትመንት የሚዘጋበት ቀን ነው፤ ባንኩ የወሩን ሂሳብ ደምሮ ይዘጋና በአብዛኛው ያንን ድምር ነው ለክሬዲት ድርጅቶች የሚልከው። ሌላው ዱ ዴት፣ የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ነው፤ ስቴትመንቱ ከወጣ ቢያንስ 21 ቀን በኋላ ይሆናል። የእርስዎ ካርድ ሊሚት 300 ዶላር፣ ስቴትመንቱ የሚዘጋው በወሩ በ12፣ ዱ ዴቱ በሚቀጥለው ወር በ7 ነው እንበል። በወሩ ውስጥ የ240 ዶላር አስቤዛ ገዙ። በ7 ሙሉውን ከፈሉ፣ ወለድ አልከፈሉም፣ ጥፋት የለብዎትም። ሆኖም በ12 የተላከው ሪፖርት ከ300ው 240ው ተበልቷል፣ ማለትም 80 በመቶ፣ የሚል ነው። ከስኮሩ 30 በመቶ ያህሉ የሚሰላው ካለዎት ዕዳ ነው፤ በካርድ ላይ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ደግሞ ከሊሚትዎ ምን ያህሉን እንደተጠቀሙ ነው። ስለዚህ ስኮሩ ዝቅ ይላል።

መፍትሔው ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በ9 ወይም በ10፣ 215 ዶላር ከፍሎ 25 ዶላር ብቻ ማስተረፍ ነው። ሪፖርቱ 8 በመቶ ገደማ ያሳያል። የተረፈውን 25 ዶላር ስቴትመንቱ ከወጣ በኋላ ሙሉውን ይከፍላሉ። ከ30 በመቶ አይለፍ ሲባል ይሰማሉ፤ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። ሁልጊዜ ዜሮ አድርጎ ማስቀመጥም አይመከርም፣ ካርዱ ሥራ ላይ ያለ እንዳይመስል ያደርገዋልና። ደግነቱ ይህ ጉዳይ ጠባሳ አይተውም። አንድ ወር 80 በመቶ ቢታይና በሚቀጥለው ወደ 8 ቢወርድ፣ በአብዛኛዎቹ የፋይኮ ስሌቶች ስኮሩ አብሮ ይመለሳል።

የዘገየ ክፍያ ግን ይተዋል። የአከፋፈል ታሪክ 35 በመቶውን ይይዛል፣ ከሁሉም ትልቁ ክፍል ነው። ከዱ ዴቱ 30 ቀን ያለፈ ክፍያ ሪፖርት ይደረግና ሰባት ዓመት ይቆያል። አንድ ካርድ ብቻ ባለው ሰው ላይ ጉዳቱ የበለጠ ነው፣ የሚያካክስ ሌላ መልካም መዝገብ ስለሌለው። ከ30 ቀን በታች ከዘገዩ መቀጫ ይጠየቃሉ እንጂ ሪፖርት ላይ አይወጣም። ስለዚህ እንዳወቁ በዚያው ቀን ይክፈሉና ባንኩ ጋ ደውለው መቀጫውን እንዲያነሳልዎ ይጠይቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ካርድን እስከ ጫፍ ተጠቅሞ ቀስ እያሉ መክፈል ያሳድጋል ያለዎት ሰው ተሳስቷል። ለክሬዲት ድርጅቶቹ የሚላከው ሪፖርት ስንት ወለድ እንደከፈሉ የሚገልጽበት ቦታ እንኳ የለውም። የሚላከው ያለብዎት ዕዳ፣ ሊሚትዎ፣ በጊዜው መክፈልዎና የመሳሰለው ነው። ለጀማሪ በሚሰጡ ካርዶች ላይ ወለዱ 28 በመቶ ቢሆን 1,000 ዶላር ዕዳ በወር 23 ዶላር ገደማ ወለድ ይወልዳል፣ ለስኮሩ ምንም ሳይጨምር፤ እንዲያውም ዕዳው ከፍ ስላለ ይቀንሳል።

ኦቶፔይ የሚባለውን፣ ክፍያው በየወሩ ከባንክ አካውንትዎ በራሱ እንዲከፈል የሚያደርገውን አማራጭ፣ ካርዱ በመጣ ቀን ያብሩ። መተግበሪያው ሦስት ምርጫ ይሰጥዎታል፦ ሚኒመም (ባንኩ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ክፍያ)፣ የስቴትመንቱን ሙሉ ሂሳብ ወይም የራስዎን መጠን። ብዙ ሰው ሚኒመሙን ነክቶ ያልፍና ከወራት በኋላ ለምን ወለድ እንደተቆረጠበት ይጠይቃል። የስቴትመንቱን ሙሉ ሂሳብ ይምረጡ። ኦቶፔይም የሚበላሽበት መንገድ አለው። በወሩ አጋማሽ ካበሩት የዚያን ወር ክፍያ ላያካትት ይችላል፤ የመጀመሪያውን በእጅዎ ይክፈሉ። ባንክ ቀይረው የድሮውን አካውንት ከዘጉ ክፍያው ይመለሳል። ዱ ዴቱ ደመወዝ ከመግባቱ ሁለት ቀን በፊት ከሆነ አካውንቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ባንኩን ደውለው ዱ ዴቱን ከደመወዝ ቀንዎ ኋላ እንዲያደርግልዎ ይጠይቁ፤ አብዛኞቹ ይቀይራሉ።

ትንሽ ሊሚት የራሷ ጣጣ አላት። ነዳጅ ማደያ ፓምፑ ላይ ካርድ ሲያስገቡ ማሽኑ ገና ስንት እንደሚቀዱ ስለማያውቅ ለጊዜው እስከ 175 ዶላር ሊይዝ ይችላል። ሊሚትዎ 200 ከሆነ የ30 ዶላር ነዳጅ ቀድተው ሱቅ ሲገቡ ካርዱ እምቢ ይላል። ነዳጅ በዴቢት፣ ወይም ውስጥ ገብተው መጠኑን ተናግረው ይክፈሉ። ከዚህ የከፋው ቤተሰብ ዘንድ ገንዘብ መላክ ነው። በክሬዲት ካርድ ሃዋላ ሲልኩ ብዙ ባንኮች እንደ ካሽ አድቫንስ፣ ማለትም በካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር፣ ይቆጥሩታል፦ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ክፍያ ይቆረጣል፣ ወለዱም ዱ ዴትን ሳይጠብቅ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፣ ብዙ ጊዜም ከመደበኛው ወለድ ከፍ ባለ መጠን። አገር ቤት የሚልኩትን ከባንክ አካውንት ወይም በዴቢት ይላኩ። በካርዱ በየወሩ የሚከፈል አንድ የስልክ ሂሳብና ትንሽ አስቤዛ ብቻ ቢያልፍበት ይበቃል።

ከካርዱ ጎን ሁለተኛ መስመር ከፈለጉ ክሬዲት ዩኒየኖች የሚሰጡት ክሬዲት ቢልደር ሎን አለ። የተበደሩት ገንዘብ እጅዎ ሳይገባ በቁጠባ አካውንት ይቀመጣል። ለምሳሌ 600 ዶላርን በ12 ወር ከፍለው ሲጨርሱ ይለቀቅልዎታል፤ ወለዱ እንደ አገልግሎት ዋጋ መሆኑ ነው። ካርድና በየወሩ እኩል የሚከፈል ብድር አብረው መኖራቸው ትንሽ ይረዳል፣ ግን የክሬዲት ዓይነት መቀላቀል ከስኮሩ 10 በመቶ ብቻ ስለሆነ ገንዘብ ከጠበበዎ ይለፉት።

ይህን የሚያነቡ በስደተኛነት የገቡ ካሉ፣ ለአውሮፕላን ትኬት ከአይኦኤም (ከዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) የተሰጠው ያለ ወለድ ብድር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የክሬዲት መዝገባቸው ይሆናል። ከገቡ ጥቂት ወራት በኋላ መከፈል ይጀምራል፣ አከፋፈሉም ለክሬዲት ድርጅቶች ሊላክ ይችላል። ሂሳቡ የሚላከው በተመዘገበው አድራሻ ነው፤ ቤት ሲቀይሩ ለሚሰበስበው ድርጅት ካላሳወቁ ሳያውቁት ዘገዩ ይባላል። ሶሻል ማግኘት ላልቻሉ ደግሞ በአይቲን (ሶሻል ለማያገኝ ሰው በሚሰጥ የግብር ቁጥር) ካርድ የሚሰጡ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች አሉ። በኋላ ሶሻል ሲመጣ ለባንኩና ለሦስቱም ድርጅቶች ከሰነድ ጋር ጽፈው መዝገቡ እንዲያያዝ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በራሱ ይያያዛል ብለው አይጠብቁ።

የዘመድዎ ግብዣ መልካም ነው፣ ግን ካርዱን አይተው ይቀበሉ። ኦቶራይዝድ ዩዘር፣ ማለትም በሌላ ሰው ካርድ ላይ ስምዎ የገባ ተጠቃሚ፣ ሲሆኑ የካርዱ ዕድሜ፣ ሊሚትና አከፋፈል በእርስዎ ሪፖርት ላይም ሊወጣ ይችላል። ስምንት ዓመት የቆየ፣ አንድም ቀን ያልዘገየ፣ ከሊሚቱ ትንሽ ብቻ የሚነካ ካርድ ከሆነ በአጭር ጊዜ ይጠቅምዎታል። ሊሚቱ 5,000 ሆኖ 4,700 ዕዳ የተሸከመ ካርድ ከሆነ ግን ያ ዕዳ በእርስዎ ላይም ይታያል። ስለዚህ ሳያፍሩ ይጠይቁት። ባንኩ የእርስዎን የልደት ቀንና ሶሻል ካልወሰደ ሪፖርቱ እርስዎ ፋይል ላይ ላያርፍ ስለሚችል ያንን ያረጋግጡ። ለእርሱ ስጋት እንዳይሆን ካርዱን በእጅዎ ባይይዙትም ይሠራል። ሲበላሽ ደግሞ ስምዎን ማስወጣት ይቻላል፣ ዕዳውም በሕግ የእርሱ ነው። ይህ የራስዎን ካርድ አይተካም፤ የቤት ብድር የሚሰጥ ሰው በራስዎ ስም የከፈሉትን ነው የሚመዝነው።

ኮሳይን ማድረግ፣ ማለትም በሌላ ሰው ብድር ላይ አብሮ መፈረም፣ ሌላ ነገር ነው፣ ከዚህ ጋር አይቀላቅሉት። ከዓመት በኋላ የእርስዎ ስኮር ሲያምር «መኪና ልገዛ ነው፣ ፈርምልኝ» የሚል ወዳጅ ይመጣል። ከፈረሙ ብድሩ ሙሉ በሙሉ የእርስዎም ነው፦ በእርስዎ ሪፖርት ላይ ይቆጠራል፣ እሱ አንድ ወር ቢዘገይ እርስዎም ዘገዩ፣ መኪናው ቢወሰድ ቀሪው ዕዳ ከሁለታችሁም ይጠየቃል። የቅርብ ሰውን እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ሆኖም ራስዎ ልትከፍሉት የምትችሉትና ለመክፈልም የቆረጡለት ብድር ካልሆነ አይፈርሙ።

አፓርታማውን በተመለከተ፣ ኮሳይነር ከመፈለግዎ በፊት አከራዩን ሌላ ማረጋገጫ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁት፦ የአሠሪዎ ደብዳቤ፣ የሁለት ሦስት ወር የደመወዝ ወረቀትና የባንክ ስቴትመንት፣ የስቴቱ ሕግ በሚፈቅደው መጠን ከፍ ያለ ዲፖዚት። ትልልቅ ኩባንያዎች ከደንባቸው አይወጡም፤ በግል ቤት የሚያከራይ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይስማማል። የቤት ኪራዩን በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ይክፈሉ። የ12 ወር የኪራይ ማስረጃ ወደፊት ለኤፍኤችኤ (የፌደራል መንግሥት ዋስትና ላለው) የቤት ብድር ክሬዲቱ ቀጭን ለሆነ ሰው እንደ ታሪክ ሊያገለግል ይችላል፤ በጥሬ የተከፈለ ግን የሚያሳዩት ነገር የለውም።

ካርዱ ከተከፈተ ሁለት ሦስት ወር በኋላ ሪፖርትዎን ያውጡ። በሕግ የተቋቋመው የነፃ ገጽ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ነው፤ ከሦስቱም ድርጅቶች በየሳምንቱ ማውጣት ይቻላል። ለአዲስ ሰው ገጹ ማንነትን ማረጋገጥ አልቻልኩም ሊል ይችላል። ያኔ በ1-877-322-8228 ደውለው ወይም ፎርሙን በፖስታ ልከው ይጠይቁ። የራስዎን ሪፖርት ማየት ስኮር አይቀንስም። ብድር ለማግኘት ሲያመለክቱ የሚደረገው ምርመራ ግን ጥቂት ነጥብ ይቀንሳል፣ ሁለት ዓመትም ይታያል። አንዱ ሲከለክል ወዲያው አራት ቦታ ማመልከት ለጀማሪ ጎጂ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ከማመልከትዎ በፊት ባንኮቹ ገጽ ላይ ያለውን ቅድመ ማጣሪያ ይሞክሩ፣ እሱ አይቆጠርም።

ሪፖርቱ ላይ የስምዎን አጻጻፍ፣ የድሮ አድራሻዎንና የማያውቁት አካውንት መኖሩን ይመልከቱ። ስህተት ካለ ስህተቱን ለያዘው ድርጅት ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይጻፉ፤ አንዱ ያስተካከለው ሌላው ጋ አይተላለፍም። የመታወቂያ ኮፒ፣ አድራሻዎ ያለበት የመብራት ወይም የባንክ ወረቀትና ስህተቱን የሚያሳየውን ገጽ አያይዘው በተመዘገበ ፖስታ ይላኩ። ድርጅቱ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መመለስ አለበት። ይህንን ሁሉ በነፃ ማድረግ ስለሚቻል «ክሬዲትህን አጸዳልሃለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ ለሚጠይቅ አይክፈሉ፤ ሥራው ሳይሠራ ማስከፈል በሕግ የተከለከለ ነው። በሶሻል ፈንታ የሚገባ ሲፒኤን የሚባል ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር የሚሸጥልዎ ደግሞ ወንጀል ውስጥ ነው የሚያስገባዎት። ለስደተኛ መዘዙ ከክሬዲት ያልፋል።

የሆስፒታል ሂሳብ ሲመጣ በፍርሃት በክሬዲት ካርድ አይክፈሉት። ሦስቱ ድርጅቶች ከ2023 ጀምሮ ከ500 ዶላር በታች የሆነን የሕክምና ዕዳ አያወጡም፤ ከዚያ በላይ የሆነውም ለሰብሳቢ ተላልፎ ዓመት ሳይሞላው አይወጣም። ካርድ ላይ ካስገቡት ግን ተራ የካርድ ዕዳ ሆኗል። ሆስፒታሉን የክፍያ እርዳታ እንዳለውና በየወሩ መክፈል እንደሚቻል ይጠይቁ።

ስድስት ወር ሲሞላ አንድም ቀን ካልዘገዩና ሂሳቡን ዝቅ አድርገው ከያዙ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ600ዎቹ አጋማሽና በ700 መጀመሪያ መካከል ይወጣል። ያኔ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው አንድ መደበኛ ካርድ መጠየቅ ይችላሉ። የመጀመሪያውን አይዝጉት። የካርዱ ዕድሜም ሊሚቱም ይጠቅምዎታል፣ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ባንኩ ሊዘጋው ስለሚችል አንድ ትንሽ ወርኃዊ ክፍያ ይተዉበት። አገር ቤት ለሁለት ሦስት ወር ሲሄዱም ኦቶፔዩ የሚስበው አካውንት ውስጥ በቂ ገንዘብ ይተዉ፣ የባንክዎ ማረጋገጫ ኮድ በአሜሪካ ስልክዎ ብቻ እንዳይመጣም አስቀድመው በኢሜይል ወይም በመተግበሪያ ያድርጉት።

በመጨረሻ መኪናው። በ24 በመቶ 14,000 ዶላር ለ72 ወር ቢወስዱ የወር ክፍያው 369 ዶላር ገደማ ይሆናል፣ በጠቅላላው የሚከፍሉት ወለድ ብቻ ወደ 12,500 ዶላር ይጠጋል። ያንኑ ብድር በ11 በመቶ ለ60 ወር ቢያገኙ የወሩ 304 ዶላር ገደማ፣ ወለዱ ወደ 4,260 ዶላር ነው። ሻጩ የሚያወራልዎ ስለ ወርኃዊ ክፍያ ብቻ ስለሚሆን ወለዱን በመቶኛ፣ የወሩን ብዛትና ጠቅላላ ድምሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። በራሱ ገንዘብ የሚያበድር ሻጭ ከሆነ ደግሞ በጊዜው የከፈሉትን ሪፖርት ያደርግ እንደሆነ ያጣሩ። አንዳንዶቹ መልካሙን አይልኩም፣ መኪናው የተወሰደ ቀን ግን ይልካሉ። መክፈል ሲያቅትዎ መኪናውን በፈቃድዎ ቢመልሱትም ሪፖርትዎ ላይ መጥፎ መዝገብ ሆኖ ይገባል።

የእኔ ምክር፣ ለሥራ መሄጃ ሌላ መንገድ ካለዎት እነዚህን ስድስት ሰባት ወራት በአውቶቡስ ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር ወጪ ተጋርተው ያሳልፉና ለቅድመ ክፍያ ያጠራቅሙ፤ የዕቁብ ዕጣ የሚደርስዎ ከሆነ ለዚህ ያውሉት። የግድ ከሆነ በጥሬ የሚገዛ ርካሽ መኪና፣ ወይም ለአዲስ መጪዎች የሚያበድር ክሬዲት ዩኒየን ይፈልጉ። ጊዜው ሲደርስ ከሻጩ በፊት ክሬዲት ዩኒየኑ ጋ ሄደው የብድር ማረጋገጫ ወረቀት ይያዙ። ሁለት ሦስት አበዳሪ ማወዳደር ከፈለጉ ሁሉንም በ14 ቀን ውስጥ ይጨርሱ፤ ፋይኮ የመኪና ብድር ምርመራዎቹን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ከዚያ ሻጩ ዘንድ ሲገቡ መጀመሪያ በመኪናው ዋጋ ብቻ ይስማሙ። ከያዙት ወረቀት የተሻለ ወለድ ሊሰጥዎ ከቻለ ያኔ ያሳይዎት።